የማክሰኞው ቀጠሮ

የልጅ ልጃችን አዳይ ስልኩን እየነካ፣
«ለማክሰኞ» አለን፣ «ሁለት ቦታ አለ ለካ!»
ስምንት ሰው ብቻ ነው በአንድ ዙር የሚያልፈው፣
ጠባቂዋ ቆጥራ ነው ከበር የምታሰልፈው።
ኺኔስ ሳቀ።
አርባ ዓመት በላንሳሮቴ ፀሐይ ግመል ሲስብ የኖረ፣
ጀርመኑን፣ እንግሊዙን ከእሳቱ ተራራ ሥር ያዞረ፣
ከሰንሰለቱ ወዲያ ግን አንድም ቀን ያልተሻገረ፣
እልፍኙን ሳያይ እንዳረጀ ዘበኛ በደጃፍ የቀረ።

ቅጹ ይጠይቃል። ዕድሜ? ሰባ ስድስት።
ጉልበት? አየኝ። «ደህና ነው» አልኩ፣ ሳላስብበት፤
ሦስት ሰዓት በእግር ነው፣ ጥላ በሌለበት።
ከየት ትመጣላችሁ? አዳይ ግራ ገባው፤
ተራራው በመስኮት ትከሻውን አግብቶ መልሱን ይጠብቃል።
«ከሥሩ በላቸው» አለ ኺኔስ፣ «ከሥሩ፣ ይበቃል።»
የስልኩ ዝርዝር ግን «ሥር» የሚባል አገር የለውም፤
አዳይ «ስፔን»ን ነካ። ማንም አልተቃወመም።

ሽፍን ጫማ ይላል። የሱን ሶል በማስቲሽ አጣበቅኩት።
ውኃ ሁለት ሊትር። የወታደር ቤት ኮዳውን ፈልጌ አጠብኩት።
ምግብ ክልክል ይላል። የፍየል አይብ ቆርጬ በስካርፌ ጠቀለልኩት።
ጠባቂዋ ደወለች፦ «ወይዘሮ ኒየቬስ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት፣
በዓለቱ ላይ የሚያዩት ያ ነጭ ሽበት
ሕይወት ነው፤ ጣት ለማከል መቶ ዓመት ይፈጅበታል፤
እባካችሁ አትርገጡት።»
ያን ማታ የኺኔስን ራስ
ቀስ ብዬ ዳበስኩት።

ጉብኝትማ አይደለም። እንግዶቹ ይጎብኙ።
ከዚያ ከረጋው ጥቁር ባሕር በታች
የሱ ቅድመ አያቶች ቤት አለ፣
ጎተራው አለ፣ የውኃ ጉድጓዱ አለ፣
በሩም እንዳልተቆለፈ አለ።
ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ምድር በማታ ስትቀደድ
እናትየዋ ሾርባዋን ሳታወርድ ነው የሮጠችው ይላሉ፤
እሳቱ ራሱ መጥቶ አነሣላት።

ታዲያ ሰው ወደ ዘመድ ቤት ባዶ እጁን ይሄዳል?
ጣሪያው ላይ ቆሞ፣ በሩ ሳይታየው፣ «ቤቶች!» ብሎ ይጣራል?
ወይን ብንወስድ ማፍሰስ ክልክል ነው አለ አዳይ አንብቦ፤
አበባስ? ባዕድ ዘር ነው፣ ክልክል።
ኺኔስ ወጣ፣ ግንባሩን ሰብስቦ፣
የበራችንን ድንጋይ ይዞ ገባ፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ በሲባጎ ከብቦ።

በአሥር ዓመቱ ነው፣ ሕጉ ሳይወጣ፣ ከተራራው ያመጣው።
ስድሳ ስድስት ዓመት ይህን በር ከነፋስ ያስጣለው
ያ ነው። ሦስት ልጅ ተድሮ አልፎበታል፣
አንድ ሬሳም ወጥቶበታል።
«እንመልስላቸዋለን» አለ፣ «የቤታቸው ነው።»
«የቤታቸው?» አልኩት። «ቤታቸውን የበላው ነው እንጂ!»
ዝም አለ። አልጋው ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲያስብ ነገረኝ።
ሊነጋ ሲል፦ «የበላም ቢሆን፣ ከነሱ ጋር ነው የኖረው።»
አዳይ ደንቡን ከላይ እስከ ታች ዳግመኛ መረመረው፤
መውሰድ ክልክል ይላል፣
ስለ መመለስ ምንም አላለም።

ሰኞ ማታ ቀይ አቧራ ከአፍሪካ ማዶ ነፈሰ፣
ባሕር ተሻግሮ መጣ፣ ወይኖቻችንን በየጉድጓዳቸው አለበሰ።
ስልኩ ጮኸ፦ «ይቅርታ፣ ነገ መንገዱ ዝግ ነው፣
ሐሙስ ብትመጡስ?»
በሩ ሄደ፣ መጣ፣ ግድግዳውን መታ፣
ያዡ በቦርሳ ውስጥ ተኝቷል፣ ለጉዞ ተሰናድቶ፣ ታስሮ በጠዋታ።
ኺኔስ ጉልበቱን ተደግፎ ተነሣ፣
ሲባጎውን ፈታ፣
ድንጋዩን ከቦታው አኖረው።
«ሦስት መቶ ዓመት የጠበቁ» አለ፣ «እስከ ሐሙስ አይሰለቻቸውም።»

በሩ ቆመ።
አይቡ ግን እስከ ሐሙስ አይቆይም፤
በጨለማው ተቀምጠን፣ ነፋሱን እየሰማን፣
ለሁለት ቆርጠን በላነው።